ታሽገው የኖሩት አሥራ ሁለት ቅጠሎች

በጃፓን ካኤይ በተባለው ዘመን በመጀመሪያው ዓመት፣ በአሥራ ሁለተኛዋ ጨረቃ ማለቂያ፣ ናጋሳኪ ላይ በረዶ ጣለ፤ በወደቡ ዳርቻ የታሰሩት ጀልባዎች ነጭ ለበሱ፤ የሆላንድ ነጋዴዎች ታጥረው በሚኖሩባት በትንሿ ደሴት በዴጂማም ባንዲራው ረጥቦ ከእንጨቱ ላይ ተለጠፈ። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ የኡራካቤ የአስተርጓሚዎች ቤት አለቃ፣ ሽማግሌው ሶጁሮ፣ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ በጉያው ይዞ ወደ ኮረብታው ቤተ መቅደስ የሚወስደውን የድንጋይ ደረጃ ይወጣ ነበር። ዕድሜው ሰባ ሁለት ዓመት ነበር፤ የሚወጣውም አንድ ቃል ለመስማት ነበር፤ መጽሐፉ ትክክል ነው የሚል ቃል።

መጽሐፉ ስለ እንግሊዝኛ ግሥ ጊዜያት የተጻፈ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሆላንድ ባንዲራ ሰቅሎ ወደቡን አታልሎ ገባ፤ የከተማይቱ ገዥም ስለ ውርደቱ ሆዱን በገዛ እጁ ቀደደ፤ ከዚህ በኋላ አስተርጓሚዎች የዚያን ሕዝብ ቋንቋ ይማሩ የሚል ትእዛዝ ከመንግሥቱ መቀመጫ ከኤዶ ወረደ። እንግሊዛዊ መምህር ግን አልነበረም፤ ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ የሆላንድ ሹም ብቻ ነበር። ሶጁሮ ከእርሱ አፍ የሰማውን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን በሠንጠረዥ እያሰፈረ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እያሰፈረ ሦስት መቶ ቅጠል ወረቀት ሞላ። ለማንም አላሳየም። የአስተርጓሚ ቤት እውቀት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ከደጃፍ አይወጣም፤ ለዚህም እያንዳንዱ አለቃ ጣቱን ወግቶ በደሙ ፈርሟል።

በቤተ መቅደሱ ግቢ፣ በእንጨት ፍርግርግ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ተለይቶ በሰሜን ጠረፍ የተያዘ አቤል ፔክ የሚባል አሜሪካዊ መርከበኛ ታስሮ ነበር። ከፍርግርጉ ውጭ የየቤቱ ወጣት አስተርጓሚዎች በአንድነት ተቀምጠው ከእርሱ ይማሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ማስታወሻ ተቀብሎ ያርም ነበር። ሶጁሮ ይህን ሲያይ ከደጃፉ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ አባታችን፣ ብርዱ ይጎዳዎታል» አለው ከወጣቶቹ ታላቅ የሆነው ታናቤ ኬንዞ።

«ማስታወሻ ትቀያየራላችሁ?»

«ገዥው አዘዋል። የቤት ምስጢር የሚባለው ለእንግሊዝኛ ቀርቷል። አልሰሙም እንዴ?»

«አልሰማሁም።»

ሶጁሮ በፍርግርጉ ፊት ተንበርክኮ፣ አርባ ዓመት ያሰናዳውን ሰላምታ በዝግታ ተናገረ። መርከበኛው ጆሮውን አቀና፤ ከዚያም ወደ ኬንዞ ዞረ።

«ሽማግሌው በምን ቋንቋ ነው የሚናገሩት?»

«በእንግሊዝኛ ነው።»

«በየት አገሩ?»

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁን በእጅጌው ሸፈነ፤ ኬንዞ ገላመጠው። ሶጁሮ የተባለውን ባይለይም ሳቁን ሰምቷል። መጽሐፉን ፈትቶ በፍርግርጉ ሥር አሳለፈ።

ፔክ ረዘም ላለ ጊዜ አነበበ። «ጽሕፈታቸው ከኔ ካፒቴን ይሻላል» አለ። ከዚያ ጣቱን በሠንጠረዡ ላይ አሳረፈ። «ግን እነዚህን ሁለቱን ዓምዶች አንድ አድርገዋቸዋል። አንድ አይደሉም።»

ኬንዞ ይህን ለሶጁሮ ነገረው።

«በሆላንድኛ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል በለው» አለ ሶጁሮ።

«ሆላንዶቹ እንደ ፍጥርጥራቸው» አለ መርከበኛው። « ይኸውልህ፣ ‹እዚህ ቤት ሦስት ወር ኖሬአለሁ› ካልኩ አሁንም ፍርግርጉ ውስጥ ነኝ። ‹ሦስት ወር ኖርኩ› ካልኩ ግን አውጥታችሁኛል፤ እግዜር ይስጣችሁ።»

ወጣቶቹ ሳቁ፤ ቀልዱ ለእነርሱ የቆየ ነበር።

ሶጁሮ ትርጉሙን ሰምቶ ሲያበቃ ኬንዞን «ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቃላችሁ?» አለው።

ኬንዞ ዐይኑን ሰበረ። «ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፣ አባታችን።»

«ስንት ቅጠል ይበላሻል? ጠይቅልኝ።»

መርከበኛው ወደ ኋላ ገለጠ፤ ወደ ፊት ገለጠ፤ መጽሐፉንም ዘግቶ በሁለት እጁ መልሶ አቀረበ።

«ከኛ ጋር ይቀመጡ» አለ ኬንዞ። «ተካፍለን ብናርመው በወር ያልቃል።»

«በወር» አለ ሶጁሮ፤ መጽሐፉንም ጠቅልሎ ተነሣ።

ደረጃውን ሲወርድ ያሰበው ስለ አንድ ልጁ ስለ ሄይዞ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ሄይዞ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «አባቴ፣ እዚህ ላይ ልክ አልመሰለኝም፤ ዴጂማ የመጣው አዲሱ ጸሐፊ እንግሊዝ አገር ኖሯል፤ ላሳየው?» ብሎ ለምኖት ነበር። እርሱም ከለከለ። ሄይዞ ግን አሥራ ሁለት ቅጠል በስውር ወሰደ። በዚያው ወራት ለባዕድ መስጠቱ የተከለከለው የአገሪቱ ካርታ በአንድ ባዕድ ሐኪም እጅ ተገኘ፤ አስተርጓሚዎች እየታሰሩ ተመረመሩ፤ ወደ ባዕድ እጅ ወረቀት ያለፈበት ቤት ካለ አለቃው ሳይጠየቅ ይናገር፤ የተናገረ ቤት ምሕረት ያገኛል የሚል ትእዛዝም ተነገረ። ሶጁሮ የቅጠሎቹን መጉደል አውቆ ነበር። ሦስት ቀን አሰበ፤ በአራተኛው ለቤተሰቡ ሳይነግር ሄዶ ተናገረ። ቤቱ ምሕረት አገኘ፤ ሄይዞ ግን ወደ ጎቶ ደሴቶች ተጋዘ፤ በሦስተኛው ክረምት እዚያው ሞተ። ከሞቱ ወሬ ጋር፣ ከሥራ ሣጥኑ የተያዙት ቅጠሎች በገዥው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ታሽገው መጡ። ሶጁሮ አልከፈታቸውም፤ ሙታን በሚታሰቡበት በቤቱ መሠዊያ ላይ፣ ለልጁ መታሰቢያ ከቆመው የስም ሰሌዳ ኋላ አኖራቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው በሌላ ምክንያት ነበር። መጽሐፉ ትክክል ከሆነ ልጁ ተሳስቶ ነበር፤ ልጁ ተሳስቶ ከነበረም አባቱ ያለ ጸጸት እህል መቅመስ ይችላል።

ቤቱ ሲደርስ የሄይዞን መበለት ሺኖን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አገኛት።

«አባቴ፣ እግርዎ ርሷል። የሩዝ አጥሚት ላቅርብልዎት?»

«ከሰሌዳው ኋላ ያለውን አምጪልኝ።»

«ማኅተም አለበት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ማኅተሙን ሰበረ። በቅጠሎቹ ላይ የዴጂማው ጸሐፊ በቀይ ቀለም እነዚያኑ ሁለት ዓምዶች ለያይቷቸው ነበር፤ ከዚያም ሄይዞ በጥንቁቅ ጽሕፈቱ ሠንጠረዡን ከነእርማቱ እንደገና ገልብጦታል። በመጨረሻው ቅጠል ግርጌ «የኡራካቤ ሶጁሮ ድርሰት» ይላል፤ ከሥሩ ለአባቱ ማኅተም የተተወ ባዶ አራት ማዕዘን አለ።

«ምን ይላል?» አለች ሺኖ።

«ሠንጠረዥ ነው።»

«ስለ እሱ ምንም የለም?»

«የለም።»

«አቧራውን ስጠርግ ደብዳቤ ይሆናል እል ነበር። እንዲያው አንድ ሁለት መስመር።» አጥሚቱን ማማሰል ጀመረች። «ያን ጊዜ የተናገረበት ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን፤ ለሠንጠረዥ።»

ሶጁሮ ቅጠሎቹን አስተካክሎ ደራረባቸው።

«የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ማንኪያው ቆመ። ሺኖ አጥሚቱን ቀድታ፣ ጎድጓዳውን ሳህን በፊቱ አኖረች፤ እንደ ወትሮው ግን «ይብሉ» አላለችም። ቅጠሎቹን ከእጁ ወስዳ ወደ መሠዊያው መለሰች፤ ጀርባዋን ሰጥታውም ተቀመጠች። እርሱ የራሱን ማኅተም ከእጅጌው አወጣ፤ ቀይ ቀለም አስነካው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ በእጁ ይዞት ቆየ።

በተከታዩ የጸደይ ወራት ሶጁሮ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቁር የተቀቡት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ሲመጡ፣ በፍርግርጉ ሥር የተማሩት ወጣቶች በመንግሥታት መካከል ቆመው ተናገሩ፤ ታሪክም እነርሱን አስታወሰ፤ ይገባቸውም ነበር። ስለ ኡራካቤ ቤት በመዝገብ የቀረው ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ሄይዞ መሐላ አፍርሶ መጋዙን፣ ሁለተኛው ቤቱ ወራሽ አጥቶ መዘጋቱን ይናገራል። ሦስት መቶ ቅጠሉ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። አሥራ ሁለቱን ሺኖ ወደ ወንድሟ ቤት፣ ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደር ይዛቸው ሄደች፤ በዚያ መንደር ፊደሉን የሚያውቅ አልነበረም፤ በመጨረሻው ቅጠል ግርጌ ያለው አራት ማዕዘንም ባዶ እንደ ሆነ ቀረ።