ክሬሙ ወይስ አሸዋማው

ልብስ ሰፊዋ ባዶው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ቀብታ ሹፌሩን እጮኛዋን ጠራችው። አንዱ ክሬም ነው፤ ሌላው ትንሽ ወደ አሸዋ መልክ ያደላል።

«የቱ ይሻላል?»

ሹፌሩ በሩን ተደግፎ ቆመ። «አንቺ የወደድሽው።»

«የጠየቅኩት እኮ አንተን ነው።»

«ሁለቱም ያው ነው...»

ነገሩ ከነከናት። ድሮ የመጋረጃ ክር ሳይቀር አብሯት ይመርጥ የነበረ ሰው፣ ሰርጋቸው ሲቃረብ ሁሉን ነገር «አንቺ እንዳልሽ» ማለት አመጣ። መኪናውንም ለባልደረባው ትቶ ቤት መዋል አብዝቷል። ለምን ስትለው ወሬ ይቀይራል።

«ልቡ ሸፍቷል» አለቻቸው እናቷን።

«ብቻሽን ከምትብሰለሰዪ ራሱን ጠይቂው፣ ልጄ» አሏት።

ድፍረቱን አጣች። በማግስቱ አሸዋማውን መረጠችና እንዲጀምርላት ነግራው ወደ ሥራዋ ሄደች። ስትመለስ አንዱ ግድግዳ አልቋል... በክሬም።

ሮለሩን ከእጁ ቀማችው።

«ሆን ብለህ ነው?»

«ምኑን?»

«ያልኩህ ይሄን ነው? ካልፈለግከኝ በቀለም አታሳብብ። ቁርጡን ንገረኝ።»

የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። «የቱን እንደቀባሁ አላየሁም» አለ። «ዓይኔ እየደከመ ነው። ቀለም መለየት ካቃተኝ ሰነበትኩ። ሐኪሙም መሪ እንዳትጨብጥ ብሎኛል።»

ሮለሩን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ ካገባሁህ በኋላ ልትነግረኝ ነበር?»

«አላውቅም... ትተሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጥላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሌላ ሴት አለመኖሯ ደስ አላት፤ በዚህ ሰዓት ደስ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት። መደበቁ ግን ከሁሉም በላይ አንገበገባት። ፊቷን ጠርጋ ተመለሰች።

«ይድናል ወይ?»

«ባለበት ይቆም ይሆናል ነው የሚሉት።»

«ቀጠሮህ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«አብሬህ እሄዳለሁ። ዳግመኛ ከደበቅከኝ ግን፣ የምሄደው ያኔ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ...» ድምፁ ተቆራረጠ። ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«በል ተነስ፣ ክሬሙን እንጨርሰው።»

«የወደድሽው አሸዋማውን አልነበር?»

«የወደድኩትማ አንተን ነው። ተነስ አልኩህ።»

ሰርጉ በቀኑ ተደረገ። ሕክምናው ዓይኑን ባለበት አቆመለት፤ ወደ መሪ ባይመለስም መሥሪያ ቤቱ ስምሪት ክፍል አስገባው። አመሻሽ ላይ አብረው ሲመለሱ፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ለመሻገር ክንዷን ይይዛል። አሁን አያፍርም።