ታዘብ ከማን እጅ በላ

ውሻው ነጠላ ለብሶ ነበር የጠበቃት። የእንስሳት ሐኪሟ ማሬ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ኤልያስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ተጉዛ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ግቢ ስትገባ፣ ውሻውን ታዘብን ከበሩ ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

በሳምንቱ መጀመሪያ መጥታ አይታው ነበር። ድንገት ወድቆ፣ ራሱን አዘንብሎ፣ ዓይኑ ሲዋልል መንደሩ «አብዷል» ብሎ ሸሸው። እሷ ግን እማሆይን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እብደት አይደለም፤ ያረጀ ውሻ ሚዛኑን ድንገት ይስታል። በእጅዎ ያብሉት፣ በእጅዎ ያጠጡት፤ ይነሣል» ብላቸው ሄደች። ዛሬ ጠዋት ስልኳ ጮኸ፤ «ልጄ፣ ያልሽው አልሆነም። በመርዝ ገደሉብኝ።»

«ሬሳው እዚህ ተጋድሞ ጥፍሩ በሩን ሲቧጭር ይሰማኛል» አሉ እማሆይ፤ ዓይናቸው ከደጃፉ አልተነሣም። «ገዳዬን አውጭልኝ ነው የሚለኝ። አባ ከቅዳሴ ሲወጡ መጥተው ይገዝቱልኛል። ያ ጎረቤቴ ባዘዘው ጉዱ ይታያል!»

ማሬ ደነገጠች። ግዝት የወደቀበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ እንደማይገባ፣ ጎረቤትም እሳት እንደማያበድረው ታውቃለች።

ነጠላውን ገለጥ አደረገች። የታዘብ አንገት ልል ነው። ድዱ ነጥቷል። አጠገቡ የደረቀው ትውከት ከሰል መስሏል። ጎንበስ ብላ አፉን ስታሸት ግን ቅቤ ሸተታት። በሁዳዴ፣ ቅቤ!

ባዘዘው አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ይገደል ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ! ያበደ መስሎኛ። ልጆቼ በዚህ በር ነው የሚያልፉት። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ መርዝ በምን ይሰጣል?»

«ብዙ ሰው በሥጋ ይሰጣል።»

«በሁዳዴ ሥጋ ከየት ላምጣ? ዶሮዋን ብነካ ሚስቴ ከታዘብ አስቀድማ እኔን ነበር የምትቀብረኝ።»

የእማሆይ ልጅ ሚስት ፈንታዬ ጓሮ ስታጥብ ነበር። ፀጉሯ በቅቤ ወዝቷል።

«ራሴን ሲያመኝ ነው የተቀባሁት» አለች የማሬን ዓይን ተከትላ። «እኔን ጠረጠርሽ፣ ዶክተር?»

«ማን ነበር የሚያበላው?»

«እኔማ ሞክሬ ነበር። ከወደቀ ወዲያ ግን ማንም እጁን ሲዘረጋ ጥርሱን ያሳያል። ከእማሆይ በቀር።»

ማሬ ባለፈው እማሆይ ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሡ ማየቷ ትዝ አላት። «እማሆይ ለጉልበታቸው የሚወስዱት አለ?»

«ከፋርማሲ የመጣ ኪኒን አላቸው። ያለ እሱ መስገድም አይችሉ።»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ሲገቡ ጎረቤቱ ደጃፉን ሞልቶት ነበር። ባዘዘው ብቻውን ራቅ ብሎ ቆሟል፤ የሚጠጋው ሰው አልነበረም።

«አባ፣ አንዴ ይታገሡኝ» አለች ማሬ። ሄዳ እማሆይ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ይኼ የውሻ መርዝ አይደለም። የውሻ መርዝ ሰውነትን እንደ ቀስት ገትሮ ነው የሚገድል፤ የታዘብ ግን ልል ነው። ድዱ የነጣው፣ ትውከቱም የጠቆረው ጨጓራው ስለደማ ነው። የሰው የቁርጥማት ኪኒን ውሻን እንዲህ ያደርገዋል። ኪኒን ይመራል፤ ስለዚህ በቅቤ ተጠቅልሎ ተሰጠው።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፈንታዬ ፀጉር ዞረ።

«እሷን አትዩ። ከእጇ አይቀበልም ነበር። ከባዘዘውም፣ ከእኔም አይቀበልም። የሰጠው ሰው ሊገድለው አላሰበም፤ ለራሱ ሕመም የሚውጠውን ነው ያካፈለው።»

እማሆይ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ያቃስት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔን እፎይ ያሰኘኝ እሱንም ያሳርፈዋል ብዬ... አላስችል ሲለኝ ደገምሁለት። እየላሰኝ ነበር የዋጠው።»

«አይስጡት ብዬ መንገር ነበረብኝ፣ እማሆይ። እኔ ነኝ ያጎደልኩ።»

«የለም፣ ልጄ። አባ፣ ይገዝቱ። ገዳዩ ይገዘት ብዬ የጠራሁዎ እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም።»

የቄሱ እጅ መስቀሉን እንደያዘ ቀረ። ባዘዘው ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ።

«ታዘብ አንድ ቀን ነክሶኝ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ዛሬ አልማሩኝም፣ እማሆይ» አለ፤ ድምፁ ሊቆጣ ጀምሮ መሃል ላይ ተሰበረ። «የታማሁት እኔ ነኝ፣ አባ። እኔ ምሬያለሁ። መስቀሉን ያሳልሟቸው።»

ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ። እማሆይ ሊሳለሙ ሲነሡ ጉልበታቸው ከዳቸው። ፈንታዬ እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ሮጣ ውሃና ኪኒን ይዛ ተመለሰች። እማሆይ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያም መልሰው በእጇ አስጨበጧት።

«ዛሬስ ተይኝ» አሉ፤ «ይመመኝ።»