ያልተጠየቀው ቤት

ልጆች፣ እኔ አንድ ጊዜ ሰው ሳልጠይቅ «እሺ ብላለች» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

የሻሽወርቅ እባላለሁ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥራ ሁለት ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከማንኩሳ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው።

መንደራችን መብራት የሚያገኘው ከወንዙ ነበር። ውሃው በቦይ ወርዶ አንድ ማሽን ያዞራል፤ ማሽኑም በየቤቱ አንድ ሁለት አምፖል ያበራል። በክረምት ውሃው ሞልቶ መብራቱ ይደምቃል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ወንዙ ይጎድላል። ያኔ ሁሉም ቤት አብሮ ካበራ አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላል። ማሽኑም ይጎዳል።

ስለዚህ የመብራት ኮሚቴው መከረ። ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶች በተራ አንዳንድ ሌሊት ያለ መብራት ይደሩ፣ ለቀሩት ይብራላቸው ተባለ። ማሽኑን የሚጠብቁት አቶ ገነነ የተረኛውን ቤት ፊውዝ ማታ ከምሰሶው ነቅለው ጧት ይመልሳሉ። ማንም አይገደድም። እምቢ ያለም ምክንያቱን ይናገራል እንጂ ማንም አይቀየመውም። ቤት ለቤት ዞሮ የሚጽፍ ሲፈለግ እኔን መረጡኝ፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበርና።

ቅዳሜ ጧት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤታችን አቶ ታከለ ወዲያው እሺ አሉ። «ራቴን በጨለማ ስበላ እጄ አፌን ስቶ አያውቅም» ብለው አሳቁኝ። ንግሥቴ የምትባል አራስ ደግሞ ልጇ ጠና እስኪል እንዲቆይላት ለመነችኝ። እንዳለችው ጻፍሁላት። መጻፍ የማይችሉ ሰዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀብተው ከስማቸው ጎን ያትሙ ነበር።

አንድ ቤት ቀረኝ። እሱም ከወንዙ ማዶ ያለው የእትዬ ደስታነሽ ቤት ነው። እትዬ ደስታነሽ ባላቸው ሞተውባቸው ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ።

በዚያ ቀን ግን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለጥምቀት መዝሙር የምትመራ ልጅ ትመረጥ ነበር። ማዶ ከተሻገርሁ ይረፍድብኛል። ከአራሷ በቀር ሁሉም እሺ ብሏል፤ እሳቸውስ ሌላ ምን ይላሉ ብዬ አሰብሁ። ልጆች፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ እናንተንም መጥቶባችሁ ያውቅ ይሆናል። ሲመጣ ክፋት አይመስልም።

ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ «ደስታነሽ፣ እሺ ብላለች» ብዬ ጻፍሁ። የራሴን አውራ ጣት ቀለም ቀብቼ አተምሁ። ከዚያ ሮጥሁ። ደረስሁ፤ ተመረጥሁም።

እኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር። እትዬ ደስታነሽ በዚያው ሰሞን ከግብርና ሠራተኛው የፈረንጅ ጫጩቶች ወስደው ነበር። ጫጩቶቹ ገና ላባ አላወጡም። የሚያሞቃቸው ከካርቶኑ በላይ የተንጠለጠለ አምፖል ነው። ሲያድጉ እንቁላላቸው ይሸጣል። መንደራችን ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስለሌለ፣ በእንቁላሉ መስከረም የምትባለው ልጃቸው በሚመጣው ዓመት ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ሰባተኛ ክፍል ልትማር ነበር። መስከረም የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። በትምህርትም ከእኔ ትበልጥ ነበር።

ረቡዕ ተራው የእሳቸው ቤት ሆነ። የዚያን ዕለት ውርጭ ወረደ። መብራቱ ሲጠፋ አሁን ይመጣል ብለው ጠበቁ። ቢቸግራቸው ጫጩቶቹን በነጠላ ሸፍነው እሳት አነደዱ። ጫጩት ሲበርደው ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። የላዩም የታቹን ያፍነዋል።

ጧት እትዬ ደስታነሽ የሞቱትን ጫጩቶች በካርቶኑ እንደያዙ ኮሚቴው ዘንድ መጡ። እኔም እዚያ ነበርሁ። አቶ ገነነ ደንግጠው ወረቀቱን አወጡ።

«አንቺው እሺ ብለሽ የለም ወይ? ጣትሽ ይኸው።»

«እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ እትዬ ደስታነሽ።

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው፣ ጉዳት ሲያገኛት ካደች አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። መስከረም ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ወረቀቱን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች። ጽሕፈቴን ታውቀዋለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። የጥምቀት ዕለት ነጭ ለብሼ ከፊት ቆሜ ዘመርሁ። መስከረም ከመዘምራኑ መካከል አልነበረችም። በማግሥቱ አላስችል አለኝና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ለመምህር ክንፈሚካኤል እያለቀስሁ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም።

«መናገርሽ መልካም ነው» አሉኝ። «ጫጩቶቹ ግን የእኔ አልነበሩም።»

ያን ጊዜ ወንዙን ተሻገርሁ። እትዬ ደስታነሽ እስክጨርስ ሰሙኝና ጣትሽን አሳዪኝ አሉ። አውራ ጣቴን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ይችን ትንሽ ጣት ነው የኔ ናት ያሉት?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብትጠይቂኝ እኮ እምቢ አልልም ነበር። ላባ እስኪያወጡ ብቻ ታገሡኝ እል ነበር» አሉኝ።

አብረን ወደ ኮሚቴው ሄድን። ያደረግሁትን በሰው ፊት ተናገርሁ። አቶ ገነነ ቆባቸውን አውልቀው እትዬ ደስታነሽን ይቅርታ ጠየቁ። ውሸታም የተባለው ስማቸው ጠራ። ጫጩቶቹ ግን አልተመለሱም። ለዚያ ዓመት ሌላ ጫጩትም አልመጣም።

አዲሱ ዓመት ሲገባ እኔን አባቴ ፍኖተ ሰላም አስገባኝ። መስከረም ቀረች። ስንቄን ይዛ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ስንለያይ፣ «ስትመጪ ደብተርሽን አሳዪኝ» አለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት አሳየኋት። በሁለተኛው ዓመት ስመለስ ድረዋት ደረስሁ።

ልጆች፣ ለጎረቤት ሲሉ የራስን መብራት ማጥፋት መልካም ነው፤ የሌላውን ሰው እሺታ ግን ከራሱ አፍ ሳንሰማ ለማንም መስጠት የለብንም።

እኔ ዛሬ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። በየእሑዱ እውነት ተናገሩ እያልሁ ሳስተምራችሁ ይህን ደብቄአችሁ ቆይቻለሁ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።