በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ

«ነይ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች ዩስራ። ትኩስ ዳቦ በፉሉ ላይ እየቆራረሰች በጣቶቿ ትፈተፍታለች። ቦሽ ይሉታል። የፉል መረቅ፣ ዳቦ፣ ዘይትና ሽንኩርት ነው፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ በእጁ ይበላዋል። የሱዳኗ ገዳሪፍ ተምሮ ቦሽ ያልበላ ተማሪ የለም። ሽታው ሦስት ክፍል አልፎ ሰው ይጠራል።

አይናለም አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ምራቋን ዋጠች።

«እናንተ ብሉ። እኔ ጾም ላይ ነኝ።»

አብራቸው የምታድረው ዙፋን ልትጎርስ የነበረውን አፏ ደጃፍ ላይ አቆመችው። የቄስ ልጅ ስለሆነች ጾምና በዓል እሷን አያልፏትም።

«ዛሬ?»

«አዎ፣ ዛሬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና መቼ ሆነና? በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንቺ ጭራሽ ቅዳሜ ትጾሚያለሽ?»

«የንስሐ ነው።»

«ምን ሠርተሽ?» አለች ዙፋን። ከዚህ በኋላ ቦሹ ቢቀዘቅዝም ግድ የላትም።

ውሸቱ ሲጀመር እንዲህ አላስቸገረም ነበር። አይናለም ባሱንዳ በምትባል የገጠር ከተማ እናቷ ቤት ሳለች ማሽላ እየበላች ስላደገች ሆዷ ደህና ነበር። የነርስ ኮሌጅ ገብታ ዳኽሊያ በሚሉት የተማሪዎች ማደሪያ ስትኖር ግን ጠዋት ዳቦ፣ ማታ መኮሮኒ ሆነ። ሆዷ ተነፋ፣ ሰውነቷ አለቀ፣ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልም ጀመር። ሐኪሙ ከብዙ ምርመራ በኋላ አንጀቷ ስንዴ እንደማይቀበል ነገራት። ፍርፋሪውም ቢሆን አይሆንም፣ ለሁልጊዜ።

ይህን ለጓደኞቿ መንገር አልፈለገችም። ማደሪያው ውስጥ «ሆዴን» ያለች ልጅ እስኪመሽ በወሬ ታይፎይድ ይወጣላታል፣ እስኪነጋ ደግሞ ከዚያ የባሰ። ጾምን ግን ማንም አይመረምርም። ዘንድሮ እንደሁ ረመዳንና ሁዳዴ ተያይዘው ስለመጡ ክፍሉ ውስጥ የማይጾም አልነበረም። ረመዳን አለቀ። ሁዳዴም አለቀ። የአይናለም ጾም ብቻ ቀረ።

ደግሞ ጾም ዳቦ እንደማይከለክል ረስታው ነበር። በሁዳዴ ማብቂያ ዩስራ ከገበያ ስትመለስ ዳቦ ውስጥ የገባ ጣዕሚያ፣ ያ የሽምብራ ጥብስ፣ ይዛላት መጣች። «የጾም ነው፣ ጠይቄ ነው የገዛሁልሽ» አለቻት። እንዲህ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? በላች። በማግስቱ ከመጸዳጃ ቤት ሳትወጣ ዋለች፤ የሆስፒታል ልምምዷም አመለጣት። የልምምድ ኃላፊዋ አንድ ጊዜ ደግማ ከቀረች ዓመቱን እንደምትደግም ነግራታለች። ቀጣዩ ልምምድ ነገ እሑድ ነው፤ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው።

የሚያበግናት ረሃቡ ብቻ አልነበረም። እናቷ የምትልክላትን ክስራ፣ ስሱን የማሽላ እንጀራ፣ በቆርቆሮ አድርጋ አልጋዋ ሥር ደብቃዋለች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን እየጠበቀች የገዛ ምግቧን እንደ ሌባ ትበላለች።

«ዙፋን፣ ተያት» አለች ዩስራ ቀስ ብላ። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ሐበሻ ናት፤ ስትናደድ ዐረብኛው ይቀድማታል። አሁን ግን በአማርኛ ነበር የምትናገረው፣ ያውም ቃል እየመረጠች። «ሥጋ ቢሆን ይገባኛል። እናንተ የእኛን አትበሉም፣ እኛም የእናንተን። ፉል ግን ምን ሃይማኖት አለው?»

«ዩስራ፣ እንደሱ አይደለም።»

«የእኔ እጅ ስለነካው ነው፣ አይደል? ወላሂ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

አይናለም ከአልጋዋ ወርዳ ትሪው አጠገብ ቁጭ አለች። ከቦሹ ጠቀለለች። የዩስራ ፊት መፍታታት ጀመረ። በዩስራ ትከሻ በኩል፣ በሩ ላይ ካለው ሚስማር፣ ለነገ የተተኮሰው ነጭ ጋዋን ተንጠልጥሎ ይታያል።

ጉርሻውን ዞር አድርጋ ዩስራን አጎረሰቻት።

«ስንዴ ነው» አለች፣ የዩስራ አፍ ሙሉ ሳለ። «ሐኪም ከልክሎኛል። ጾምም የለብኝ፣ ንስሐም የለብኝ። ያን ቀን ከልምምድ ያስቀረኝ ዳቦው ነው።»

ዩስራ በግድ ዋጠች። «ዳቦ?»

«ዳቦ።»

«ብስኩትስ?»

«ብስኩትም።»

«መኮሮኒስ?»

«እሱም።»

«እኔ እኮ» አለች ዙፋን፣ «በሁዳዴ እንደዚያ ስትከሺ ቅድስት ልትሆን ነው ብዬ ቀንቼብሽ ነበር።»

ዩስራ አልሳቀችም። «ያንን ዳቦ ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»

«አላወቅሽም እኮ።»

«እንዳላውቅ አደረግሽኝ።»

አይናለም ጣቶቿ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራገፈች። ተነስታ በመስኮቱ ሥር ባለው ባልዲ እጇን በሳሙና ታጠበች። ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር ሳበችና ሰው እያያት ከፈተችው። ክስራውን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቲማቲም ይዛ ከትሪው ራቅ ብላ ልትቀመጥ ስትል፣ ዩስራ ጉልበቷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።

«እዚህ። ከአጠገቤ።»

ተቀመጠች። ክስራውን ቆርሳ እንቁላሉን ጠቀለለችበት።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ታረቅን» አለች ዩስራ። «የባሱንዳን ክስራ አቅምሽኝ» ብላም እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደች።

የረጠበ ዳቦ በጣቶቿ መሀል ተጣብቋል። አሁን ገና «የእኔ እጅ ስለነካው ነው» ያለችው ልጅ እጅ ነው። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ጣዕሚያውን መብላትም ያን ቀን ቀላል ነበር።

አይናለም ቆርቆሮውን በመዳፏ ከደነችው።

«መጀመሪያ ታጠቢ።»

ዙፋን ማላመጧን አቆመች። ዩስራ እጇን አገላብጣ ጣቶቿን አየች፣ ቀጥሎ አይናለምን፣ እንደገና ጣቶቿን።

«ሳሙናው የታለ?» አለች በመጨረሻ።

አይናለም በአገጯ መስኮቱን አመለከተች። መዳፏን ከቆርቆሮው ላይ አላነሳችም።