ሁለተኛው ጉርሻ

በናርዳም ሰማይ ላይ ጥቁር ፀሐይ በታየችበት ዕለት በአገሩ ያለ እሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የቤተ መንግሥቱ ችቦ ጠፋ፣ የአንጥረኛው ምድጃ ጠፋ፣ የድሃው ጉልቻም ቀዘቀዘ። ድንጋይ ከድንጋይ ቢያፋጩት ብልጭታ የለም። ሕዝቡ ጥሬ እህል እየነከረ በላ፤ ክረምቱ ሲገባ ሕፃናት በብርድ ያልቁ ጀመር።

እሳት የቀረው በባሕሩ መካከል በምትጨሰው በረመጦ ደሴት ብቻ ነበር። ሕጓን የማያውቅ የለም፦ እሳቱን የሚወስድ፣ የሚናፍቀውን ሰው ትቶ ይሂድ፤ የተወውንም ዳግመኛ አያየውም። ሦስት ጀግኖች፣ አንዱ ሚስቱን፣ አንዱ እናቱን፣ አንዱ ወንድሙን ይዞ ሄዶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን የሦስቱም አንጀት አልቆርጥ አለና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ይሄኔ የንጉሥ ታርሲም አማካሪዎች መከሩና ብልጥ የሆኑ መሰላቸው። የሚናፍቀው የሌለው ሰው እንላክ፣ ምንም ሳይከፍል ያመጣልናል አሉ። ፈልገው ዘምላትን አገኙ። ዘምላት በሕፃንነቷ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ተጥላ የተገኘች፣ ፍርፋሪ እየበላች ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በላሽ ወይ ብሎ የጠየቃት፣ አመሸሽ ብሎ የተቆጣት ሰው የለም። እንግዲህ ምን ይባላል፣ ባዶ እጇን ገበያ ላኳት!

በዙፋኑ ፊት ቆማ «በናርዳም አፈር እምላለሁ፤ እሳቱን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም» ብላ ማለች። አደባባዩ ሁሉ አጨበጨበ። ወደ ባሕሩ ስትወርድ ግን የሸኛት አልነበረም።

የሚቀዝፉላት አባ ኩርኔ ነበሩ። ሦስቱንም ጀግኖች ያመላለሱ፣ ሚስትና ልጅ ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ነጭናጫ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ «ያዢ» እና «ልቀቂ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። በሦስተኛው ቀን ጀንበር ስትወጣ ደረሱ።

በጥቁሩ አሸዋ ላይ የደሴቲቱ ጠባቂ፣ ጎጆ የምታህል ኤሊ፣ ተኝታ ነበር። እንደ ቀዘቀዘ ድንጋይ በጠጠረው የጀርባዋ ልብስ ስንጥቅ ውስጥ ፍም ይታያል።

«ምን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ?» አለቻት።

ዘምላት አንገቷን ደፍታ የምናፍቀው የለኝም አለች። ይህን አፍ አውጥታ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበርና አፈረች።

«ላልከፈለ አልሰጥም። እስከ ጀንበር መጥለቂያ ግን እንግዶቼ ናችሁ፤ ዳርቻዬን እየዞራችሁ እዩ» አለችና ኤሊዋ ዓይኗን ከደነች።

ሥራ ፈትተው ዞሩ። አሸዋው ከእግራቸው ሥር ይሞቃል። ገደሉ እንደ ተደረደረ ማገዶ ቀጥ ቀጥ ባለ ጥቁር ዐለት የቆመ ነው፤ ማዕበሉ በዋሻው ይገባና በዐለቱ ቀዳዳ ወደ ሰማይ ይረጫል። በአሮጌው የእሳት ጉድጓድ ውስጥ አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል። ዘምላት ይህን ሁሉ እንደ ወታደር እየተራመደች ስታልፈው አባ ኩርኔ ማን አባሮሽ ነው ብለው ተረቧት። ከዚያ ጸጥ ባለው ወሽመጥ ጀልባዋን ብቻዋን እንድትቀዝፍ አስተማሯት። ጀልባዋ እንደ እንዝርት ብትሾርባት ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የራሷ ሳቅ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት።

ቀትር ላይ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው በትኩሱ አሸዋ ቀበሩ። ሲበስል አባ ኩርኔ አጥንቱን ለቅመው «አፍሽን ክፈቺ» አሏት። ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ትራፊ በልታለች እንጂ ያጎረሳት ሰው አልነበረም። ዋጠችና እንባዋ መጣ፤ አቃጠለኝ ብላ አመካኘች፣ እሳቸውም ያመኑ መሰሉ።

ሁለተኛውን ጠቅልለው አነሱ። እጃቸው ግን አየር ላይ ቆመ፤ የሚጨሰውን ተራራ ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው አጎረሷት።

ከሰዓት በኋላ ፍል ውኃው ውስጥ እግራቸውን ነክረው ተቀመጡ። ስለ ሟች ልጃቸው አወሩላት፤ ፀጉሯን ስትጎነጎን እንዴት ታለቅስ እንደነበር ሳይቀር ነገሯት። ዘምላት ቀኑ እንዳይመሽ ተመኘች።

ጀንበር ባሕሩን ስትነካ ኤሊዋ ጥያቄዋን ደገመች። ዘምላት «ምንም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን አባ ኩርኔ ላይ ዐረፈ። ያኔ ገባት። የሽማግሌውን እጅ አፈፍ አድርጋ ወደ ጀልባዋ ጎተተቻቸው። እንሂድ፣ ናርዳም ለኔ ምኔ ነው፣ እንደፈለገ ይቀዝቅዝ አለች። እሳቸው ግን አልተነቃነቁም።

«ሁለተኛውን ሳጎርስሽ አውቄ ነው» አሏት። «ብቻዬን ለኖርኩት ዘመን ይህች አንዲት ቀን ትበቃኛለች። እዚያ ማዶ ሕፃናት ይንቀጠቀጣሉ፣ ልጄ። ቃሉ ግን ካንቺ አፍ መውጣት አለበት፤ እኔ ልልልሽ አልችልም።»

ኤሊዋ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። «ምን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ?»

ዘምላት የሽማግሌውን እጅ ለቀቀች።

«አባቴን» አለች በመጨረሻ። ያንን ቃል ከዚያ በፊት ለማንም ብላው አታውቅም።

የኤሊዋ ልብስ ተሰነጠቀ፤ ፍሙ ተንከባሎ ዘምላት ይዛው ከመጣችው የሸክላ ማሰሮ ገባ። ብቻዋን ቀዘፈች። በወሽመጡ አፍ ላይ ጀልባዋ አንዴ ሾረችባትና ሳቁን ልትሰማ ዞረች። ዳርቻውን ጉም ሸፍኖት ነበር።

ናርዳም እሳቱን ከቤት ወደ ቤት ተካፈለ፤ ሕፃናቱ ሞቃቸው። በታላቁ ግብር ላይ ዘምላትን ከንጉሡ ቀኝ አስቀመጧት። የአማካሪዎቹ አለቃ ተነሥቶ «ንጉሥ ሆይ፣ በጥበባችን ምንም ሳንከፍል እሳታችንን አስመለስን!» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

አንዲት እመቤት ከትኩሱ ወጥ ጠቅልላ ዘምላትን አጎረሰቻትና ወደ ቀጣዩ እንግዳ አለፈች። ዘምላት ዋጠች። ከዚያም ቀና ብላ ሁለተኛውን ጠበቀች።