ስድስተኛው «አዎ»

«ሰበቃ ባይኖር ኖሮ…» አለ ሙስጠፋ። ሪሀና እዚችው ቃል ላይ ጥላው ሄደች።

አካሏ አልሄደም። አምስት የስፖንጅ ፍራሽ በተደረደረበት ክምር ላይ እግሯን አንጠልጥላ እንደተቀመጠች ናት። ሐሳቧ ግን በሩን ሳይከፍት ወጣ። ሰበቃ በሌለባት ልደታ ማንም አይራመድም፤ ሁሉም ይንሸራተታል። ከሜክሲኮ የመጣው ታክሲ መቆም ስለማይችል ረዳቱ «ወራጅ ካለ ይዝለል!» እያለ በዝግታ ያልፋል። ታክሲው መጀመሪያ እንዴት እንደተነሳ ሪሀና አልጠየቀችም። ጠበቆች ፋይላቸውን እንዳቀፉ፣ እርስ በርስ ይቅርታ እየተጠያየቁ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ይፈስሳሉ። አባቷ የሸጠው ፍራሽ ያለ ተሸካሚ፣ ብቻውን ወደ ገዢው ቤት ያመራል። እሷም በካልሲ ብቻ ጌጃ ሰፈርን አቋርጣ፣ ፀጉሯ ላይ የጣለችው ሻሽ ወደ ኋላዋ እየተርገበገበ…

«ገባሽ?»

ሪሀና ተመለሰች። ወንድሟ ጠመኔ እንደያዘ ያያታል። ከጎኑ የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል።

«አዎ፣ ገባኝ» አለች፣ ለቀረጻ እንዲሆን ድምፅዋን ጥርት አድርጋ።

የሙስጠፋ ፊት በራ። «ጎበዝ! እንግዲህ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለና ሰሌዳውን አጠፋው።

ይኸኛው አምስተኛው «አዎ»ዋ ነበር።

ሙስጠፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት የማታ ተማሪዎች ፊዚክስ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው። ገሚሶቹ ይዘገያሉ፣ ገሚሶቹ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጾ ሊሰጣቸው አሰበ፤ ቀመሩ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ። ካሜራውን ሰርግ ከሚቀርጸው ከጎረቤታቸው ከቤካ ተዋሰ። ስቱዲዮው የአባታቸው የጋሽ ሁመድ የፍራሽ መጋዘን ሆነ። የተደረደረው ስፖንጅ የመንገዱን ጩኸት ሁሉ ይውጠዋል። ከውጭ የባቡሩ ደወል እንኳ ሲሰማ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የስፖንጁ ብናኝ ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ በሐሳብ አለመሄድ ለማንም ይከብዳል፤ ሪሀና ላይ አትፍረዱ።

እሷን ያስገባት ራሱ ሙስጠፋ ነው። «ባዶ ቤት ለካሜራ ሳወራ እንደ እብድ ያደርገኛል። አንቺ ተቀመጪ። ሲገባሽ ገባኝ በይኝና እኔም አልፋለሁ» አላት። የመጀመሪያው ትምህርት እውነትም ገብቷት ነበር። በሁለተኛው መሐል ላይ ሐሳቧ ሄደ። ሲጠይቃት ደግሞ አፏ ራሱ «አዎ» አለ። ትምህርት ቤት የለመዱት እንዲሁ ነው። የፕላዝማው አስተማሪ ከስክሪኑ ውስጥ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ ማንም ሳይመልስ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። የክፍሉ መምህር «ገባችሁ?» ሲሉም ስድሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎዎዎ!» ይላል። አልገባኝም ያለ ልጅ ታይቶ አይታወቅም።

ችግሩ ሙስጠፋ ይህን «አዎ» ማመኑ ነበር። ለዲፓርትመንቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ዘጠነኛ ክፍል የምትማር እህቴ ያለ ችግር የተረዳችው ትምህርት» ብሎ አስፍሯል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ስድስቱን ቪዲዮዎች ያያል። ከወደዷቸው የማታ ተማሪ ሁሉ በእነሱ ይማራል። ይህን ማሰብ ሪሀናን ያስፈራታል። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ታስባለች።

ቅዳሜ፣ አባቷ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲወጣ ከመጋዘኑ ፊት ያለውን የፍራሽ ሱቅ ለእሷ ትቶላት ሄደ። ሪሀና የፍራሽ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሞላው ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች።

«ጠንከር ያለ ትራስ አላችሁ? አልጋ ላይ ሆኜ ሳነብ ጀርባዬን የሚደግፍልኝ?»

«አለ። ተማሪ ነሽ እንዴ?» አለች ሪሀና ትራስ እያወረደች።

«ቀን እዚህ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ማታ እማራለሁ።» ሴትዮዋ ትራሱን ተቀበለችና «እማር ነበር ብል ይሻላል መሰለኝ» አለች።

ትራሱን በሁለት እጇ ስትጫነው የማዳመጫው ገመድ ተስቦ ከስልኳ ተነቀለ። ድምፁም ከስልኩ አፈትልኮ ወጣ። አንድ ወንድ «ገባሽ?» አለ። አንዲት ልጅ ጥርት ባለ ድምፅ «አዎ፣ ገባኝ» አለች።

ሪሀና የማን ድምፅ እንደሆነ እስክታውቀው አንድ አፍታ ወሰደባት። ስታውቀው እጇ ላይ የቀረው መርፌ ጣቷን ወጋት።

«ይቺን ልጅ ነው የማልችላት» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «መምህሩስ እንከን አይወጣለትም። ለሙከራ ብሎ ነው የሰጠን። እሷ ግን ዘጠነኛ ክፍል ናት አሉ። ገና ጠይቋት ሳይጨርስ ገባኝ ትላለች። እኔ ሦስቴ መልሼ ሰምቼው አልገባኝም። ሕፃን ልጅ የገባት ነገር እኔን ካልገባኝ፣ ጥፋቱ ከጭንቅላቴ ነው ማለት አይደል? ሰኞ ከሥራ ስወጣ የማቋረጫ ፎርም ልሞላ ነው።»

«ምናልባት እኮ ልጅቷ…»

«እ?»

«ምንም።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የሪሀና አፍ ግን ተዘግቶም የሆነ ነገር ገብቶበት አልዋጥ አላት።

«ትራሱን ልውሰደው ለማንኛውም» አለች ሴትዮዋ። «ባላነብበትም እተኛበታለሁ። ደሚቱ እባላለሁ፤ ቶሎ ከተሰረጎደ ይዤው እመጣለሁ!»

ጋሽ ሁመድ ከሶላት ሲመለስ ልጁ የሰፋችውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰው። ክሩ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ላልቷል።

«ፍቺውና እንደገና ስፊው።»

«ወደ ውስጥ እኮ ነው የሚታጠፈው፣ አባ። ማንም አያየውም።»

«የሚተኛበት ሰው ያገኘዋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፣ ልጄ።»

አባቷ የሚያወራው ስለ ፍራሽ ብቻ ነበር። ሪሀና ግን ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ ፊቷ ጋለ።

እሑድ ለመጨረሻው ቀረጻ ሙስጠፋ አንድ ሚዛን ይዞ መጣ። ሜክሲኮ አደባባይ ጥግ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑት የጋሽ ነገሪ ሚዛን ነው። እሑድ ቸርች ስለሚሄዱ አውሰውታል። «ሚዛኔ እውነተኛ ነው፤ እንዳታበላሹት ብለውኛል» አለ ሙስጠፋ፣ ሚዛኑን ለማሳያ ያህል ከሰሌዳው ሥር እያስቀመጠ።

ስድስተኛው ትምህርት ስለ ሊፍት ነበር። ሪሀና ዛሬ ሐሳቧን በጉልበት ያዘችው። ብናኙን አላየችም፣ የባቡሩን ደወል አልተከተለችም። ሰሌዳው ላይ እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ ከወንድሟ ጋር ሄደች። አራተኛው ላይ ጠፋባት። በሙሉ ልቧ እያዳመጠች ጠፋባት፤ ይኼ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አስፈራት።

«ስለዚህ» አለ ሙስጠፋ፣ ቀመሩን በጠመኔ እያከበበ፣ «ሊፍቱ ወደ ታች መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በሚዛን ላይ ቆመን ከሆነ ሚዛኑ ቀንሶ ያነባል። ገባሽ?»

ቀዩ መብራት በርቷል። ወንድሟ ፈገግ ሊል ተዘጋጅቷል። ሪሀና ደሚቱን በሐሳቧ አየቻት፤ ትራሷን ተደግፋ፣ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ ልክ ይህችን መልስ ስትጠብቅ።

«አልገባኝም።»

«ቀልዱን ተይው፣ ሪሁ። እየቀረጽን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አልገባኝም፣ ሙስጤ። እኔ አልከሳሁ፤ ታዲያ ክብደቴ የት ሄደ?»

የሙስጠፋ እጅ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። «የባለፈው ሰበቃስ?»

«እሱም።»

«ሦስተኛውስ?»

«ከሁለተኛው ጀምሮ ነው» አለች፤ ዕንባዋ መጣ። «ገባኝ ስልህ ፊትህ ይበራል። ከዚያ እንዴት ብዬ አልገባኝም ልበልህ?»

ሙስጠፋ ፍራሽ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟ የደከመው ሰው ሆኖ ታያት። «አንቺን እያየሁ እኮ ነው የማልፈው» አለ። «አንቺን እያየሁ! ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ምን ልል ነው? ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። መጋዘኑ ውስጥ ብናኙ ብቻ ይወርዳል።

ሙስጠፋ ጠመኔውን አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ዐረፈ።

«ነይ፣ ውጪበት» አለ።

ወጣች። አርባ ሁለት ኪሎ።

«አሁን ድንገት ቁጢጥ በይ። መርፌውን እያየሽ።»

ቁጢጥ አለች። መርፌው ወደ ሠላሳ ወርዶ፣ ስትቆም ወደ ሃምሳ ተስፈንጥሮ፣ ተንቀጥቅጦ አርባ ሁለት ላይ ተመለሰ። ሪሀና ጮኸች። እንደገና ሞከረችው። እንደገና። ሻሿ ተፈታ፣ ግድም አልሰጣት። ለጥቂት ቅጽበት ቀለል ትላለች፤ ዓለም ከሥሯ ሸሸት ብላ ትመለሳለች። ከዚያ በጣም በዝግታ ወረደች። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

«ቀስ ብዬ ስወርድ ግን አይቀንስም» አለች።

«አዎ፣ አይቀን…» ሙስጠፋ ራሱ ቆም አለ።

«ስለዚህ መውረዱ ብቻ አይደለም? ድንገት መውረዱ ነው?»

ወንድሟ ሰሌዳውን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ እሷን አየ። ቀመሩ ውስጥ ያለው ይኸው ነበር። እሱ ግን ባስተማረበት ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቁጢጥ ብሎ አላየውም።

«እሺ» አለና ፈጠን ብሎ ተነሳ፤ እጁ ወደ ካሜራው ሄደ። «በጣም ጥሩ። ይሄን ሁሉ ቆርጠን እናወጣና ሚዛኑን ብቻ እንደገና እንቀርጸዋለን። ቤካ በአምስት ደቂቃ ይቆርጥልኛል።»

«አይቆረጥ።»

«ምኑ?»

«አልገባኝም ያልኩት።»

ሪሀና ከሚዛኑ ሳትወርድ ነገረችው፤ ስለ ትራሱ፣ ስለ ማዳመጫው፣ ሕፃን ልጅ የገባት ነገር እኔን ካልገባኝ ስላለችው ሴት። ፎርሙንም ነገረችው።

«ስሟን ነግራሻለች?»

«ደሚቱ።»

«የመዝገብ ቤቷ ደሚቱ? ኋላ ወንበር የምትቀመጠው?» ሙስጠፋ ዞር ብሎ አያት። «እሷ እኮ ስጠይቃት ሁሌም ‹አዎ፣ ቲቸር› ነው የምትለኝ።»

ከተናገረው በኋላ ራሱ የሰማው ይመስላል። እጁ ከካሜራው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀዩ መብራት ይህን ሁሉ ጊዜ አልጠፋም ነበር።

«ኮሚቴው አይወደውም ይሆናል» አለ።

«ይሆናል» አለች ሪሀና። ደህና ነው ልትለው ፈለገች፤ ደህና ይሁን አይሁን ግን አታውቅም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳታውቅ ደህና ነው ትለው ነበር። «ቪዲዮውን ለእኔም በፍላሽ ገልብጥልኝ። ነገ ትምህርት ቤት ስሄድ በፍርድ ቤቱ በኩል አልፋለሁ። ልጅቷ እኔ ነኝ እላታለሁ።»

ሙስጠፋ ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ዞረና ሦስተኛውን መስመር እንደገና ጻፈው፤ በትልቁ፣ በዝግታ። ከጎኑ ሚዛን ሣለ። በሚዛኑ ላይ ሻሿ የተፈታ፣ ቁጢጥ ያለች ልጅ ሣለ። ሥዕል አይችልም፤ ልጅቷ ድንች ትመስላለች። ከዚያ ስለ ወለሉ ነገራት፤ እንዴት ከሥር እንደሚገፋን፣ ሲሸሸን እንዴት ግፊቱ እንደሚያንስ፣ ሚዛኑ የሚያነበውም ይህንኑ ግፊት መሆኑን። ሲጨርስ ዞረ። ፊቱ እንደ ድሮው ለመብራት አልቸኮለም።

«ገባሽ?» አለ። ጠበቀም።

ሪሀና አሰበችበት። ውጭ የባቡሩ ደወል ተሰምቶ አለፈ።

«ግማሹ» አለች።

«ግማሹ» አለ ሙስጠፋ፣ ለካሜራው ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ እንደገና ሊጀምር እጅጌውን ሰብስቦ ሰሌዳውን እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ አጠፋው።