ደምለው ያስቀራት ቁራጭ

አረጋሽን የሚያንገበግባት መናቋ ነው። ስሟን መጻፍ ስለማትችል፣ ደባርቅ ያለ ሰው ሁሉ ጭንቅላቷም ባዶ ይመስለዋል። የልጅ ልጇ ሊድያ እንኳ!

ሊድያ ለትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ስልኳን እያየች ነበር። «በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ረጅሙ ቃል አርባ አምስት ፊደል አለው» አለች።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አለች አረጋሽ፣ ምስር እየለቀመች።

«እምዬ ደግሞ! ከየት አምጥተሽ?»

«አፍሽን ያዥና ስሚ። ኒውሞኖ፣ አልትራ፣ ማይክሮ፣ ስኮፒክ፣ ሲሊኮ፣ ቮልካኖ...»

ሊድያ ስልኩንና አያቷን እያፈራረቀች አየች። «አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀረሽ!»

«መቅረቷ ጠፍቶኝ ነው?»

የአረጋሽ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

ያስቀራት ደምለው ነው። ያኔ በቅሎ እየጫነ ፈረንጆችን ወደ ሰሜን ተራራ የሚያወጣ መለሎ ጎረምሳ ነበር። ቃሉን ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ ለቅሞ፣ በየቅዳሜው ገበያ አንድ አንድ ቁራጭ ያቀብላት ጀመር። እሷም የቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ ለተማሪ ዜማ ሲያስጠኑ ከጓዳ ሆና እየሰማች ያደገች። አንዴ ጆሮዋ የገባ አይወጣም።

«ምን ማለት ነው?» አለችው።

«እሳት ከሚተፋ ተራራ የወጣ አቧራ ሳንባ ሲገባ የሚያመጣው በሽታ።»

«ሰው ለወደዳት በሽታ ይሰጣል?»

«ሐኪሞቹም አይጠሩትም አሉ። ረጅም ይሁን ተብሎ ብቻ የተሠራ ነው።»

«እንደ አንተ ቁመት!»

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ «የመጨረሻዋን ሽማግሌ የላክሁ ዕለት እሰጥሻለሁ» አላት።

ስድስቱ ቁራጮች እንዳይጠፉባት ገብስ እየፈተገች ታነበንባቸዋለች። አንድ ቀን አባቷ ሰሙ። ድግምት መሰላቸው! «የፈረንጅ ቃል ነው» ብትል ማን ይመናት? ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቋት። ቃሉ አልተዋት ሲል ለማታውቀው ሰው ድረው ከተራራው ማዶ በየዳ ወረዳ ሰደዷት። ደምለው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ አልነበረችም።

ባሏን አልጠላችውም። ቀበረችው፣ አለቀሰችለትም። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጆሮዋ ይጠብቃል።

ሊድያ ስልኩን አስጠጋችላት። «የቀረችውን ይኸው ስልኩ ይናገርልሽ፤ አንዴ ብነካው እኮ...»

«እጅሽን ሰብስቢ!»

ከዚያ አረጋሽ የደምለውን ነገር ከመጀመሪያ ጀምራ ነገረቻት።

«ዳባት ነው አሉ ያለው» አለች አረጋሽ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሚስቱም ሞታለች። ልጁ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል አሉ።»

«እና?»

«እናማ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትሄጃለሽ። አረጋሽ ስድስቱን አልጣለችም፣ ሰባተኛዋን አምጣ ብላሃለች በይው። በስልክ እንዳይሞክራት! ሽማግሌውን ይዞ፣ እዚህ ደጅ ቆሞ፣ በገዛ አፉ ይስጠኝ።»